አልትራፋስት ሌዘር ምኑ ነው የፈጠነው?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ግልጽ እናድርገው። አልትራፋስት (እጅግ ፈጣን) ሌዘር ላይ የሚሠራ ፊዚሲስት ብርሃንን አያፈጥንም። በባዶ ህዋ ውስጥ የማንኛውም ብርሃን ፍጥነት አንድ ነው፣ የኤክስሬይም ጭምር። ያጠረው ሌዘሩ የሚያወጣው የብርሃን ብልጭታ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሰከንድን ለሚሊዮን ቢሊዮን ብትከፍሉት አንድ ፌምቶሰከንድ ታገኛላችሁ። 30 ፌምቶሰከንድ የሚቆይ ብልጭታ አየር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመቱ 9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያንሳል እኮ!

ምን ይሠራል? የአቶሞችን እንቅስቃሴ በምስል ለመያዝ ይረዳል። በሞለኪውል ውስጥ ያሉ አቶሞች የሚንቀሳቀሱት በፌምቶሰከንዶች ስለሆነ፣ ብልጭታው ከረዘመ ምስሉ እንደሚሮጥ ልጅ ፎቶ ይደበዝዛል። ለዚህ ሥራ የኤክስሬይ ብልጭታ የሚመረጠው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው፤ የሞገዱ ርዝመት በአቶሞች መካከል ካለው ርቀት ጋር ሲቀራረብ አቶሞቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ያስችላል።

ብልጭታው ስንት ፌምቶሰከንድ ይቆያል የሚለው ግን ከማሽን ማሽን ይለያያል።