ኤልቲኤስ ምንድን ነው? በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስን ማሻሻል ሲታሰብ

ኤልቲኤስ የሚባለው፣ ከወጣ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የደህንነት ቀዳዳዎቹ እየተደፈኑና ስህተቶቹ እየታረሙ እንደሚቆይ አዘጋጆቹ አስቀድመው ቃል የሚገቡለት፣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው የስርዓተ ክወና ስሪት ነው። ከሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ስሪት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ዛሬ በየ2 ዓመቱ ኤፕሪል ላይ አንድ ኤልቲኤስ እያወጣ የ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ ይሰጠዋል፤ በመካከል የሚወጡት ስሪቶች ግን ድጋፋቸው 9 ወር ብቻ ነው። ቁጥሩ የወጣበትን ዓመትና ወር ስለሚናገር፣ 24.04 በኤፕሪል 2024 እንደወጣና መደበኛ ድጋፉ እስከ 2029 እንደሚዘልቅ ከስሙ ማስላት ይቻላል።

አሮጌ ኮምፒውተር ላለው ሰው ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን ከአዳዲስ አገልግሎቶች ሁሉ ይበልጣል። እያንዳንዱ የስሪት ለውጥ አንድ የቆየ ድራይቨር (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠራ ፕሮግራም) ሊጥል ወይም ተጨማሪ ራም ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ማሻሻልና በመካከል ያለውን ዘመን በተረጋጋ ስርዓት ማሳለፍ ይጠቅማል። ችግሩ ድጋፍ ሲያበቃ ኮምፒውተሩ ምንም የተለየ ምልክት ላያሳይ መቻሉ ነው፤ እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ፋይሎችን ይከፍታል፣ ኢንተርኔት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ግን ሳይደፈን ይቀራል።

የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ በሜይ 2025 አብቅቷል። በተለመደው መንገድ ከእሱ ወደ 24.04 በአንድ ጊዜ መዝለል ስለማይቻል፣ በ22.04 በኩል ማለፍ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ማሻሻል ያስፈልጋል። በዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ ረጅም ሥራ ነው፤ በእኔ እምነት ፋይሎችን ሌላ ቦታ ገልብጦ አዲሱን ስሪት ከባዶ መጫን ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ማሻሻል ለማይፈልግ ደግሞ፣ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ኮምፒውተር ድረስ በነጻ የሚሰጠው ኡቡንቱ ፕሮ የደህንነት ጥገናውን ወደ 10 ዓመት ያራዝማል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ጉዳይ ቀላል ክብደት ያላቸውን የኡቡንቱ ዝርያዎች ይመለከታል። ሉቡንቱና ዙቡንቱ በአነስተኛ ራም ስለሚሠሩ ለአሮጌ ኮምፒውተር ተመራጭ ናቸው፤ ነገር ግን የኤልቲኤስ ስሪቶቻቸው ድጋፍ 5 ሳይሆን 3 ዓመት ነው። ሉቡንቱ 22.04 ድጋፉ ያበቃው በ2025 ሲሆን፣ የዋናው ኡቡንቱ 22.04 ግን እስከ 2027 ይቀጥላል። ስለዚህ የዋናውን ኡቡንቱ የማብቂያ ቀን አይቶ ለዝርያውም ይሠራል ብሎ መገመት አይገባም።

ከሁሉ የከበደው ገደብ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ያላቸውን የቆዩ ኮምፒውተሮች ለረጅም ጊዜ ሲደግፍ የቆየው ሌላው የሊኑክስ ስርዓት ዴቢያን በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ ስሪቱ ለእነሱ የሚሆን ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) እና መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር በዴቢያን 12 ላይ መቆየት ይችላል፤ ለዚህ ስሪት የዴቢያን የረጅም ጊዜ ድጋፍ እስከ ጁን 2028 ታቅዷል። ይሁን እንጂ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ፕሮሰሰሩን መመርመር ይገባል፤ ኢንቴል በ2006 ያወጣው ኮር 2 ዱዎ እንኳ ባለ 64 ቢት ሲሆን፣ ባለ 32 ቢት ስርዓት የተጫነባቸው እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች ጥቂት አይደሉም። በዚህ ጊዜ መደበኛው የማሻሻያ መንገድ ስርዓቱን ወደ 64 ቢት ስለማይለውጠው ከባዶ መጫን ግድ ይሆናል። የግራፊክስ ካርድም እንዲሁ ይታይ፦ ለአሮጌ የኢንቪዲያ ካርዶች ያገለግል የነበረው የ340 ተከታታይ ድራይቨር ድጋፉ በ2019 አብቅቷል፤ ባለቤቶቻቸው ክፍት ምንጭ በሆነው ኑቮ ድራይቨር መጠቀም ይኖርባቸዋል።

መቸኮልም አያስፈልግም። ኡቡንቱ ራሱ የቀድሞ ኤልቲኤስ ተጠቃሚዎችን ወደ አዲሱ እንዲሸጋገሩ የሚጋብዘው፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስህተቶች የታረሙበት የመጀመሪያው ንዑስ ስሪት ከወጣ በኋላ ነው፤ ለ24.04 ይህ የሆነው በኦገስት 2024 ነበር። እስከዚያው የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ ይዘጋጅ፣ በዲስኩ ላይ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩም ይረጋገጥ። በተለይ የማስነሻው ክፍልፍል በቆዩ ከርነሎች ሞልቶ ማሻሻሉን መሃል ላይ ሊያስቆመው ስለሚችል አስቀድሞ ይጽዳ። ከዚያም አዲሱን ስሪት በፍላሽ ዲስክ ላይ አዘጋጅቶ፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ በማስነሳት ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ በትክክል መሥራታቸውን፣ ላፕቶፕ ከሆነም ተከድኖ ሲከፈት በትክክል መንቃቱን መፈተሽ ይቻላል።