ቀይ ሁሉ ፌራሪ አይደለም፦ የድሮ ውድድር መኪናን ከፎቶ ስለመለየት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ውስጥ አንድ አሮጌ ጋራዥ አለ። ግድግዳው በዘይትና በጭስ ጠቁሯል። ከመፍቻዎቹ በላይ ከጣሊያን መጽሔት የተቆረጡ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ሁሉም የድሮ ውድድር መኪኖች ናቸው። የጋራዡ ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ከ80 ዓመት ያለፋቸው መካኒክ ናቸው። ፎቶዎቹን ያገኙት ሙያውን ካስተማሯቸው ጣሊያናዊ ነው። የእኔ የትርፍ ጊዜ ሥራ የተጀመረው እዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ፎቶ አያለሁ፤ መኪናው ምን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሳ ለማወቅ እሞክራለሁ።

ይሄን ስናገር ሰው የሚመልስልኝ ነገር ይመሳሰላል። ብዙውን እኔም አምኜው ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ ታች ይገባችኋል።

«ቀይ ከሆነማ ፌራሪ ነው»

በዚያ ዘመን ቀለም የፋብሪካ ሳይሆን የአገር ነበር። ጣሊያን ቀይ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ጀርመን መጀመሪያ ነጭ፣ በኋላ ብርማ። ስለዚህ አልፋ ሮሜዮም ቀይ ነው፣ ማዜራቲም ቀይ ነው። ፌራሪ በራሱ ስም መኪና ማውጣት የጀመረው በ1947 ነው።

«ፈረሱ አለበት እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። የፌራሪ ምልክት የሆነው ፈረሱም ያሳስታል። ኤንዞ ፌራሪ የራሱን መኪና ከመሥራቱ በፊት በቡድኑ የሚያወዳድረው አልፋ ሮሜዮ ነበር። ያ የሚዘል ፈረስ መጀመሪያ የውድድር መኪና ላይ የተለጠፈው በ1932 ቤልጂየም፣ ስፓ ላይ ነው። መኪኖቹም አልፋ ነበሩ። በተቃራኒው እንግሊዛዊው ሾፌር ጆን ሰርቲስ በ1964 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ነጭና ሰማያዊ በተቀባ ፌራሪ ነው። ቀይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ያንን ፎቶ አይቶ ያልፈዋል።

«ቁጥሩን ካየሁ መኪናውን አወቅሁት»

ቁጥር ለአንድ ውድድር የሚሰጥ ነው። ያው መኪና በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቁጥር ይለጠፍበታል። 7 ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም።

ግን ቁጥር ብዙ የሚናገርበት ቦታም አለ። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከጋሼ ፎቶዎች አንዱ ላይ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያላት ክፍት መኪና አለች። ጎኗ ላይ 722 ይላል። ፎቶውን ቀስ ብዬ ነቅዬ ጀርባውን ሳየው በእስክሪብቶ «1947» ተጽፏል። ዘለልኩ! 1947 የፌራሪ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ቀለሟ የፈዘዘው ፀሐይ መትቷት ነው አልኩ። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ጋሼ ግን ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ጣታቸውን ፎቶው ላይ፣ የጭስ ማውጫው ጋ አሳረፉ። «ማርሚታው በጎን ነው የወጣው፤ ሁለት ነው። ሰውም ሁለት ነው። ይሄ ጢማሙ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ቀጠል አድርገው፣ «የጀርባውን ዓመት የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ» አሉ።

ያኔ ነው የበራልኝ። የፈረንጅ ዓመት ነው ያልኩት የእኛው 1947 ነው። ማለትም 1954 ወይም 1955። ፈልጌ አገኘሁት። መኪናዋ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ናት። ሾፌሩ ስተርሊንግ ሞስ ነው። ጢማሙ ደግሞ ዴኒስ ጄንኪንሰን የሚባል ጋዜጠኛ ነው። ኩርባውንና ዳገቱን ከ5 ሜትር በሚበልጥ ጥቅል ወረቀት ላይ ጽፎ፣ እያነበበ ለሞስ በእጅ ምልክት ይነግረው ነበር። ውድድሩ ሚሌ ሚሊያ ነው፤ ሺህ ማይል ማለት ነው። ከብሬሺያ ተነስቶ ሮም ደርሶ ይመለሳል። ቀኑ ሜይ 1፣ 1955፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1947 ነው።

722ቱ ደግሞ ሰዓት ነው። በዚያ ውድድር መኪኖች በየተራ ይለቀቁ ስለነበር ቁጥራቸው የሚነሱበት ሰዓት ነበር። ሞስ የተነሳው በ7:22 ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ። ትንንሽ ሞተር ያላቸው ማታውኑ ይወጣሉ፤ ጉልበተኞቹ በመጨረሻ፣ ነግቶ። ስለዚህ የሚሌ ሚሊያ መሆኑን ካወቅህ ቁጥሩ የመኪናውን ጉልበት ጭምር ይጠቁምሃል። ሞስ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማውን በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ውስጥ ጨረሰ። ከደሴ አዲስ አበባ ሁለቴ ደርሶ መልስ እንደማለት ነው። ይሄን ሁሉ ያወጣነው ከሦስት አሃዝና ከአንድ ጢም ነው።

«ፎቶው ላይ ጥቁር ከሆነ መኪናው ጥቁር ነው»

የድሮው ፊልም ብዙ ጊዜ ቀይን አያይም ነበር። ቀይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊ ደግሞ ይነጣል። የአያቴ የድሮ ፎቶ ላይ የቀሚሷ ጥለት ጥቁር ነው። እሷ ግን ቀይ ነበር ትላለች። እውነቷን ነው።

«መሪው በቀኝ ከሆነ የእንግሊዝ ነው»

ይሄን ለወሎ ሾፌር ማስረዳት አይከብድም። የጣሊያን ከባድ መኪኖች ለረጅም ዓመት መሪያቸው በቀኝ ነበር። በተራራ መንገድ ሾፌሩ የመንገዱን ጠርዝ አጠገቡ እንዲያይ ነው ይባላል። የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የ1930ዎቹ አልፋ ሮሜዮም መሪው በቀኝ ነው። ደግሞ ፎቶ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ሊታተም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፍና ቁጥር በትክክል መነበቡን ተመልከት።

«ሞተሩ ከኋላ ከሆነ ቅርብ ጊዜ ነው»

የጀርመኑ አውቶ ዩኒየን በ1934 ሞተሩን ከሾፌሩ ኋላ አድርጎ ነበር። መልክም ይለወጣል። መርሴዲስ ደብልዩ 196 የሚባለው የውድድር መኪና በጁላይ 1954 ፈረንሳይ፣ ሬምስ ላይ ጎማው በፓራፋንጎ ተሸፍኖ ታየ። በኦገስት ጀርመን ላይ ያው መኪና ጎማው ገላጣ ሆኖ መጣ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው ብሎ ይምላል።

«ስልክህ ይነግርህ የለ?»

ስልክ የሚመሳሰል ፎቶ ያመጣል። ሥሩ የተጻፈው ስህተት ከሆነ ስህተቱንም ያመጣልሃል። ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

«ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ እኛ የት አይተነው?»

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። ፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪናን ገና ኩርባው ላይ ሳለ በድምፁ የሚለዩ ሰዎች አገር ነው ያለነው። ቸርኬ (የጎማው ብረት)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ ባሌስትራ (ከመኪናው ሥር ያለው ዝርግ ሞላ) የምንላቸው ቃላት እነዚያን ቀይ መኪኖች ከሠሩት ሰዎች ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጋሼ አንድም የውድድር መኪና በዓይናቸው አላዩም። ግን እኔ ቀለምና ቁጥር ሳይ እሳቸው ማርሚታ ቆጠሩ።

ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ እስካሁን አልተፈታም። ቁጥሩን አቧራ ሸፍኖታል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ጋሼ የራዲያተሩን ፊት ለረጅም ጊዜ አይተው፣ «ማዜራቲ ይመስላል። ግን ባሌስትራውን ሳላይ አልምልም» አሉኝ። ቅዳሜ ከቡና በኋላ ማጉያ መስታወት ይዤ እሄዳለሁ።