ስለ ቦስተን ማራቶን ደሴ ላይ የሚወራውና እውነታው

የቦስተን ማራቶን ሰዓቱ ለደሴ ሰው ይመቻል። እዚያ ማለዳ የተነሡት ሯጮች እዚህ የመግሪብ ሶላት አካባቢ ነው የሚጨርሱት። ሥራ ያበቃለት ሁሉ ፒያሳ ካፌ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፤ ቡናው ጀባ ይባላል፤ ክርክሩም ይደራል። በክርክሩ ቅር አይለኝም። ያው የተሳሳተ ነገር በየዓመቱ እየተደገመ እንደ ታሪክ መጽናቱ ግን ያበሳጫል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አበበ ቢቂላ ቦስተንን አሸንፏል» ይባላል። አላሸነፈም። በ1963 ከማሞ ወልዴ ጋር ሄዶ ሮጧል። ሁለቱም 29 ኪሎ ሜትር ገደማ በክብረ ወሰን ፍጥነት ከፊት ከመሩ በኋላ የኒውተን ዳገቶችና ቀዝቃዛው ነፋስ አደከሟቸው። ቤልጂየማዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ አሸነፈ፤ አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆኑ። አበበ እስከ መጨረሻው ሮጦ ያላሸነፈው ዓለም አቀፍ ማራቶን ይህ ብቻ ነው። ወሬው ከየት እንደ መጣ ግን መገመት አያቅትም፤ ቦስተን ላይ ያሸነፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም አበበ ነው፣ አበበ መኮንን፣ በ1989። ከሴቶቹ ቀዳሚዋ ፋጡማ ሮባ ናት፤ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደችው።

«ያኔም ብሩ ይታፈስ ነበር» የሚል አይጠፋም። የገንዘብ ሽልማት የተጀመረው በ1986 ነው። ከዚያ በፊት ለአሸናፊው የቅጠል አክሊል ይደፋለታል፤ ለጨረሰው ደግሞ የሥጋ ወጥ ይቀርብለታል፤ ያውም በርበሬ የሌለው።

ርዝመቱም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የዛሬው አልነበረም። በ1897 አሥራ አምስት ሰው ሲነሣ መንገዱ 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሞላው በ1924 መነሻው ከአሽላንድ ወደ ሆፕኪንተን ሲወሰድ ነው።

«ቦስተንን የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት ካትሪን ስዊትዘር ናት» የሚለውን ያስፋፋው አንድ ፎቶግራፍ ይመስለኛል። 261 ቁጥር የለጠፈች ወጣት ትሮጣለች፤ ከኋላዋ አንድ የውድድሩ ኃላፊ ቁጥሩን ሊነጥቃት ይንደረደራል። ይህ በ1967 ነው። ስዊትዘር ስሟን በፊደላት አሳጥራ ተመዝግባ ነበርና በቁጥር የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት መባሏ ልክ ነው። ከእርሷ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ግን ቦቢ ጊብ ነበረች። ለመመዝገብ ብትጠይቅ ተከለከለች፤ ስለዚህ መነሻው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆየችና ሯጮቹ ሲንቀሳቀሱ ተቀላቀለች፤ በ3 ሰዓት ከ21 ደቂቃም ገባች። ሴቶች በይፋ የተፈቀደላቸው በ1972 ነው። ጊብ ከሮጠች 50 ዓመት በሞላበት በ2016 አጸደ ባይሳ አሸንፋ ዋንጫዋን ለእርሷ ሰጠቻት። የእኛዋ ልጅ ታሪኩን ከካፌው ሰው በተሻለ ታውቀው ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የከረረው ክርክር የ2011 ነው። «ኬንያዊው ጆፍሪ ሙታይ የኃይሌን የዓለም ክብረ ወሰን ቦስተን ላይ ሰበረ።» ሰዓቱን ላየ እውነት ይመስላል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ የሮጠው 2:03:59፣ የሙታይ ደግሞ 2:03:02 ነው። ነገር ግን አልተመዘገበለትም። አድልዎ ነው ያለ ነበር፤ አይደለም። ደንቡ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ቁልቁለት በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል፤ ለማራቶን 42 ሜትር መሆኑ ነው። የቦስተን መንገድ 140 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ መነሻና መድረሻው በቀጥታ ሲለካ ከውድድሩ ርቀት ከግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ ቦስተን ግን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚነጉድ ነው። ነፋስ ከጀርባ ከመጣ እስከ መጨረሻው ይገፋል። በዚያ ቀን የሆነውም ይኸው ነው። የኃይሌን ሰዓት የሻረው በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:03:38 የሮጠው ፓትሪክ ማካው ነው።

«እንግዲያው ቁልቁለት ከሆነ ቀላል ነው» የሚለውን ግን የወሎ ሰው ሲናገረው ይገርመኛል። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ የሚወርድ የጭነት መኪና የፍሬን ሸራው ሲሸት ያልሸተተው የለም። የሯጭም ጭን እንዲሁ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነቱን ስለሚገታ ጡንቻው ይጎዳል። ቦስተን መጀመሪያ ላይ አውርዶ አውርዶ ጭኑ ከዛለ በኋላ፣ ከ26ኛው እስከ 33ኛው ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ የኒውተንን ዳገቶች ያመጣል። በእግሩ ሐረጎን ወርዶ በማግሥቱ ደረጃ የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ቀኑን እሑድ ነው ብሎ የሚቀጥር ደግሞ ውድድሩ ያመልጠዋል። የሚካሄደው ሰኞ ነው፤ ማሳቹሴትስ የ1775ቱን የሌክሲንግተንና የኮንኮርድ ውጊያዎች በምታስብበት የአርበኞች ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 7 እስከ 13 ባለው ውስጥ። የእኛ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ነው።

አሁንም «ቡዙነሽ ደባ በ2014 ሁለተኛ ወጥታ ነበር» የሚል አለ። መስመሩን ሁለተኛ ሆና ማለፏ እውነት ነው። ቀድማት የገባችው ሪታ ጄፕቱ ግን በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ በ2016 ተሰረዘ፤ አሸናፊዋም ቡዙነሽ ናት። 2:19:59 የሆነው ሰዓቷ ሻሮን ሎኬዲ በ2025 እስክትሰብረው ድረስ የቦስተን የሴቶች ክብረ ወሰን ነበር።