አርጤምስ፦ የአደንና የወሊድ አምላክ

የአማርኛ አንባቢ የግሪኮቹን አምላክ አርጤምስን የሚያውቃት በአብዛኛው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ነው። ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ የጳውሎስ ስብከት እንጀራችንን ሊዘጋ ነው ብሎ ባልደረቦቹን ያነሳሳል። የኤፌሶን ሕዝብም ቲያትር ቤት ገብቶ ለሁለት ሰዓት ያህል ስሟን እየጠራ ይጮሃል። ይሄ ግን የረጅም ታሪኳ መጨረሻ አካባቢ ነው።

አባቷ የአማልክት ንጉሥ ዜውስ፣ እናቷ ሌቶ፣ መንታ ወንድሟ ደግሞ አፖሎ ነው። የትውልድ ቦታዋ ያከራክራል። ብዙዎቹ ዴሎስ ደሴት ይላሉ፤ ኤፌሶኖች ግን በከተማቸው አቅራቢያ ያለችውን ኦርቲጊያን ይጠቅሱ ነበር። በአንድ ትረካ ቀድማ ተወልዳ እናቷን አፖሎን አዋልዳታለች። ድንግል ሆና ሳለ ምጥ የያዛቸው ሴቶች የሚጠሯት እሷን ነበር።

ባለቅኔው ካሊማኮስ ገና ሕፃን ሳለች ያሳየናል። አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ጺሙን ለመንካት እየተንጠራራች ትለምነዋለች፦ ዘላለማዊ ድንግልና፣ ቀስትና ፍላጻ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ፣ ተራሮችን በሙሉ። ከከተማ አንድ ይበቃኛል አለች። ዜውስ ስቆ 30 ሰጣት።

ከእሷ ጋር ቀልድ የለም። አዳኙ አክታዮን ገላዋን ስትታጠብ ቢያያት ወደ አጋዘን ለወጠችው፤ የገዛ ውሾቹም ዘነጣጠሉት። ኒዮቤ የምትባል ንግሥት በልጆቿ ብዛት ሌቶን ብትንቅ ሴቶቹን አርጤምስ፣ ወንዶቹን አፖሎ በፍላጻ ጨረሷቸው። ባለቅኔው ሆሜር 12 ነበሩ ይላል፣ ሌሎች 14 ያደርሷቸዋል። የግሪኩ ንጉሥ አጋሜምኖን ልጁን ኢፊጌንያን ሊሰዋላት ሲል ግን፣ በአንዱ ትረካ፣ በልጅቷ ቦታ አጋዘን ተካች። የይስሐቅን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ቆም ማለቱ አይቀርም። በሆሜር ኢሊያድ ደግሞ የዜውስ ሚስት ሄራ የአርጤምስን ቀስት ነጥቃ ስትመታት፣ አርጤምስ እያለቀሰች ትሸሻለች።

ክብሯ ጎልቶ የታየው ኤፌሶን ላይ ነው። ለትልቁ መቅደስ አብዛኞቹን ዓምዶች የሰጠው የልድያው ንጉሥ ክሮይሶስ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ356 ሄሮስትራቶስ የተባለ ሰው ስሜ ይጠራ ብሎ አቃጠለው። ኤፌሶኖች ስሙ እንዳይነሳ ከለከሉ፤ ክልከላው እንዳልሠራ ይኸው እኛም ጻፍነው። በኋላ ታላቁ እስክንድር የማሠሪያውን ወጪ ልሸፍን ቢል፣ አምላክ ለአምላክ ስጦታ መስጠቱ አያምርም ብለው በዘዴ መለሱት። ኩሩ ከተማ! አዲሱን መቅደስ ከዓለም ሰባት ድንቆች ጋር ቆጠሩት። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ 127 ዓምዶች እንደነበሩት ጽፏል። በ3ኛው መቶ ዘመን ጎቶች የተባሉ የጀርመን ነገዶች ዘረፉት። ቦታውን በ1869 እ.ኤ.አ. ያገኘው እንግሊዛዊው ጆን ተርትል ዉድ ነው።

የኤፌሶኗ ምስል ደረቷ ላይ ክብ ክብ ነገሮች ተደርድረውባታል። ጡት ናቸው፣ የኮርማ ቆለጥ ናቸው እየተባለ እስካሁን ይከራከሩበታል። ጫፍ ስለሌላቸው ጡት የሚለው ለእኔ አይዋጥም።

አቴናውያንም አልረሷትም። ከአቴና ወጣ ባለው ብራውሮን በሚገኘው መቅደሷ ትንንሽ ልጃገረዶች “ድብ” እየተባሉ ያገለግሏት ነበር። ከፋርስ ጋር ከተዋጉበት ከማራቶን ጦርነት በፊት ለሚገደል ጠላት ሁሉ አንዳንድ ፍየል ተሳሉላት። የሞተው ፋርሳዊ ሲበዛና ፍየሉ ሲያጥር በየዓመቱ 500 እያረዱ ስለታቸውን ሊከፍሉ ወሰኑ። ሮማውያን ዲያና ብለዋታል።