ስንት ፋክተር ይበቃል?

ኤክስፕሎራቶሪ ፋክተር አናሊሲስ (ከብዙ መልሶች ጀርባ ያሉትን ጥቂት የጋራ ጉዳዮች፣ ማለትም ፋክተሮችን፣ የሚፈልግ የስታቲስቲክስ ዘዴ) የሚሠራ ሰው ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። ስንት ፋክተር ልያዝ? 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ተሞልቶ ተመልሷል እንበል። መልሶቹ ይዛመዳሉ። ከጀርባቸው ያለው ጉዳይ ሁለት ነው ወይስ አምስት?

ክርክሩ የቆየ ነው። ቻርልስ ስፒርማን በ1904 እ.ኤ.አ. ከፈተና ውጤቶች ጀርባ አንድ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ አለ አለ። ሉዊስ ተርስተን ደግሞ በ1938 ችሎታው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው ብሎ ተከራከረ።

በብዛት የሚሠራበት ደንብ ሄንሪ ካይዘር በ1960 ያስፋፋው ነው፦ አይገንቫልዩው (ፋክተሩ ምን ያህል ቫሪያንስ፣ ማለትም የመልሶች ልዩነት፣ እንደሚያብራራ የሚያሳየው ቁጥር) ከ1 የበለጠውን ያዝ፣ የቀረውን ተው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የ1 ቫሪያንስ ይዞ ይገባል። ከአንድ ጥያቄ ያነሰ የሚያብራራ ፋክተር ምን ይጠቅማል? ችግሩ፣ ናሙና ላይ በአጋጣሚ ብቻ ከ1 የሚያልፍ አይጠፋም። ጥያቄ ሲበዛማ ይብሳል። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ካልነኩት በስተቀር የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ፋክተር የሚበዛውም በዚህ ይመስለኛል።

ሬይመንድ ካተል በ1966 ስክሪ ፕሎትን አመጣ። አይገንቫልዩዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ በግራፍ ይደረደራሉ፤ መስመሩ ከታጠፈበት በፊት ያሉት ይያዛሉ። መታጠፊያው ጎልቶ ከታየ ጥሩ ነው። ካልታየ ግን ሁለት ሰው ሁለት መልስ ይዞ ይነሳል።

እኔ የማምነው ጆን ሆርን በ1965 ያቀረበውን ፓራለል አናሊሲስ ነው። የእርስዎን ዳታ የሚያክል፣ ምንም ዝምድና የሌለው የዘፈቀደ ዳታ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ይሠራል። ከዚያ ማወዳደር ነው። ለምሳሌ 10 ጥያቄ ለ200 ሰው ቀርቦ የእርስዎ አይገንቫልዩዎች 3.9፣ 1.6 እና 1.08 ሆኑ፤ የዘፈቀደዎቹ ደግሞ 1.4፣ 1.3 እና 1.2 ናቸው እንበል። በካይዘር ሦስት ፋክተር ይያዛል። ሦስተኛው ግን ባዶ ዳታ እንኳ ከሚሰጠው ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ይበቃል። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ሳይክ የሚባለው ፓኬጅ ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል።

ዌይን ቬሊሰር በ1976 ማፕ የተባለ ሌላ መንገድ (የፋክተሮቹ ድርሻ ሲወጣ በጥያቄዎቹ መካከል የሚቀረው ዝምድና ትንሹ የሚሆንበትን ቁጥር የሚመርጥ) አቅርቧል። እሱና ዊልያም ዝዊክ በ1986 ደንቦቹን ሲያወዳድሩ ፓራለል አናሊሲስና ማፕ የተሻሉ ሆኑ፤ የካይዘሩ ፋክተር ሲያበዛ ተገኘ።

ደንቡ ቁጥር ከሰጠ በኋላም ሥራው አላለቀም። ከቁጥሩ አንድ ቀንሶ፣ አንድ ጨምሮም ማየት ያስፈልጋል። ማሳነስ ይበልጥ ይጎዳል፤ የተለያዩ ነገሮች ተጨፍልቀው አንድ ይሆናሉና። ሲበዛ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ብቻ የያዘ ደካማ ፋክተር ብቅ ይላል። እንዲህ ሲሆን ጥያቄዎቹን መልሶ ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ «ደስተኛ አይደለሁም»፣ «እርዳታ አላገኝም» ዓይነት በአሉታ የተጻፉ ሆነው ይገኛሉ። ያገናኛቸው የአጻጻፋቸው መመሳሰል ነው እንጂ አዲስ ጉዳይ አይደለም።