ዲጂታል ጤና በሰሜን ሸዋ፦ ከካርድ ክፍል እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ዲጂታል ጤና ሲባል የታካሚን መረጃ በኮምፒውተር፣ በታብሌትና በስልክ መያዝ፣ መላክና ለሕክምና ውሳኔ ማዋል ማለት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ የሚባለው፣ በቅርቡ የተጨመረበት ክፍል ነው። ይህ ዳሰሳ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ላይ ያተኩራል። መቀመጫው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ የራሱ ሰፊ ታሪክ ስላለው እዚህ አልተነካም።

የዞኑ መቀመጫ ደብረ ብርሃን ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከፍታዋ 2,800 ሜትርን ያልፋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ዞኑ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበረው፤ አብዛኛው ገበሬ ነው። መልክዓ ምድሩን ሳያውቁ የጤና አገልግሎቱን መረዳት አይቻልም። መንዝ ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። መርሐቤቴን የጀማ ሸለቆ ከሌላው ይለየዋል። ምንጃር ደግሞ ለአዳማ ይቀርባል። ስለዚህ እዚህ አገር «ሩቅ ነው» ሲባል በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም።

ዘመናዊ ሕክምና አካባቢውን ቀድሞ የረገጠው በአንኮበር በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ሐኪም ነበረው። መድኃኒት ፈላጊውም ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን የደብተራ፣ የጠበል፣ የወጌሻና ቀስ በቀስ የተከፈቱ ክሊኒኮች ዘመን ነው። ዛሬ በደብረ ብርሃን ካለው ሆስፒታል ሌላ በዓለም ከተማ፣ በመሐል ሜዳ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በአረርቲም ሆስፒታሎች አሉ። የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል የተሠራው በካርልሃይንስ በም ድርጅት በ«ሰዎች ለሰዎች» ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል፤ ስሙም ይገባዋል።

ካርድ ክፍል

የዲጂታል ጤና ታሪክ የሚጀምረው ከካርድ ክፍል ነው። ሕክምናውም የሚዘገየው እዚያ ነው። ሐኪሙ ጎበዝ ቢሆን፣ ላብራቶሪው ቢሟላ፣ ካርዱ ካልተገኘ ታካሚው እንደ አዲስ ይጠየቃል። ያለፈው ምርመራ የለም። የማይስማማው መድኃኒት አይታወቅም።

እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ቅጽ ነበረው። የወባው ለብቻ፣ የክትባቱ ለብቻ፣ የቲቢው ለብቻ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጤና ጥበቃ የመረጃ ሥርዓቱን አንድ ወጥ አደረገው። አንድ ሰው አንድ ካርድ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ማኅደር እንዲኖረው ተባለ። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው በስሙ የሚፈለግበት የስም ማውጫ ሣጥን ተዘጋጀ። በመረጃ ብቻ የሠለጠኑ ቴክኒሻኖችም ተመደቡ። ሪፖርቱም የራሱ ወር አለው፦ ካለፈው ወር 21 ቀን እስከ ያዝነው ወር 20። በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያ ሄዶ የመረጃ ባለሙያ ማነጋገር የሚፈልግ ሰው ቀን ቢቀይር ይሻለዋል።

ወረቀቱ ግን ወረቀት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። «እማማ፣ ካርድ አለዎት?» «ነበረኝ ልጄ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ።» «የአባትዎ ስም ማን ነበር?» ከዚያ ፍለጋ ነው። ኃይሉ በየትኛው ሀ ነው የተጻፈው? ሥዩም በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? ወለተ ማርያም የሚለው የክርስትና ስም ነው ወይስ የቤት ስሟ? ዕድሜ ሲጠየቅ «ስልሳ ይሆነኛል» ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሰው «ስልሳ አምስት» ይላል። ካርዱ ካልተገኘ አዲስ ይወጣል። አንድ ሰው ሦስት ካርድ የሚኖረው እንዲህ ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን ችግር በራሱ አይፈታውም። እንዲያውም ስሙ በላቲን ፊደል ከተመዘገበ ችግሩ ይብሳል፤ አንዱ ጸሐፊ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ሶፍትዌር ነው። ይህ ኤአይ እንኳ አይጠይቅም፣ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። ሁለተኛው ፋይዳ ነው። ባለ 12 አሃዙ መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ፋይዳ ከካርድ ቁጥር ጋር ሲያያዝ የስም ፍለጋው ጣጣ በአብዛኛው ይቀራል።

በሀገር ደረጃ ስማርት ኬር የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ካርድ ሥርዓት ቀድሞ ገባ። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወርሃዊ ሪፖርቱ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በመጣው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል ሶፍትዌር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይላካል። ሪፖርት መላክ እና ታካሚ ማከም ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆኖ ሁለተኛው ወረቀት ላይ የቀረበት ተቋም ብዙ ነው።

ጤና ኬላና ታብሌት

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። ኬላው ውስጥ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቤተሰብ ማኅደር አለ፣ በጎጥ በጎጥ የተደረደረ። አጠገቡ ለየወሩ የተከፈለ ሣጥን ይቀመጣል። በየካቲት ክትባት ያለበት ሕፃን ካርድ የካቲት ላይ ይገባል። ወሩ አልቆ ካርዱ ሣጥኑ ውስጥ ካለ ሕፃኑ ቀርቷል ማለት ነው፣ ባለሙያዋ ቤቱ ትሄዳለች። ይህን ዘዴ በጽሞና ላየው ሰው ሶፍትዌር ነው፣ መብራት የማይፈልግ ሶፍትዌር።

ኢ-ሲኤችአይኤስ የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ ወደ ታብሌት አመጣው። ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ባለሙያዋ መረጃውን ቤት ለቤት ትሞላለች፣ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ይላካል። ነፍሰ ጡሯ የቀረችበትን ቀጠሮ መተግበሪያው ራሱ ባለሙያዋን ያስታውሳታል። ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር ያለቻት እናት መድረስ አለመድረሷም እንዲታይ ታስቦ ነው የተሠራው። ከሁሉ ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው። በተግባር ግን ባለሙያዋ ብዙ ጊዜ ወረቀቱንም ታብሌቱንም ትሞላለች። እጥፍ ሥራ ነው፣ ቅሬታዋም ትክክል ነው።

ኤአይ የት ይጠቅማል?

ጥያቄው ማሽኑ ሐኪሙን ይተካል ወይ አይደለም። አንባቢ የሌለበት ምስል የት አለ ነው ጥያቄው። ራጅ ማንሻ ያለው ሆስፒታል ሁሉ ራዲዮሎጂስት የለውም።

ለቲቢ መልሱ ከሌላው ይልቅ ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅን በኮምፒውተር ማስነበብ እንደሚቻል መክሯል። ሶፍትዌሩ ለራጁ ነጥብ ይሰጣል። ከተወሰነው ነጥብ በላይ የሆነው ሰው አክታ ይሰጣል፤ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ መመርመሪያ ማሽን በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤቱን ይናገራል። ማሽኑ ቲቢ አለብህ አይልም፣ ተመርመር ነው የሚለው። ቀድሞ ቲቢ ታሞ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ጠባሳ ስለሚኖር በከንቱ ሊያስደነግጥ ይችላል። የመቁረጫ ነጥቡም በየአካባቢው መፈተሽ አለበት፤ ከውጭ እንደመጣ መጠቀም አያዋጣም።

ሁለተኛው የእርግዝና አልትራሳውንድ ነው። ብዙ እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን በቀን አይዙትም። «ለፍልሰታ መግቢያ ነበር» ወይም «ከጥምቀት በኋላ» ይላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙ ቀን ግምት ይሻላል፣ ግን አይበቃም። ቀኑ ከተሳሳተ ያለጊዜው የተወለደና በጊዜው የተወለደ ትንሽ ሕፃን ይምታታሉ። በዛምቢያና በአሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሥልጠና የሌለው ሰው አነስተኛ አልትራሳውንድ ሆድ ላይ ቢያስኬድ ኤአይ የእርግዝናውን ዕድሜ ከሠለጠነ ባለሙያ ባልተናነሰ ይገምታል። ለመርሐቤቴና ለግሼ አዋላጆች ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም መሣሪያ ማሰብ ይከብዳል።

ሸዋ ሮቢትና ቀወት ላይ የወባ ደም ናሙናን በካሜራ ማንበብም ይታሰባል። ጥሩ ላብራቶሪ ባለሙያ ግን አሁንም ይበልጠዋል።

ከፍታው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የኦክስጅን መለኪያ ጣት ላይ ሲደረግ ከ90 በመቶ በታች አደገኛ ይባላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ባሉ ሰዎች መረጃ የሠለጠነ ኤአይ መንዝ ላይ ምን ይላል? ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ላይ በሚኖሩ ሰዎች መረጃ የሠለጠነስ? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን የመረመረ ጥናት አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው 95 በመቶ ገደማ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸውም ከባሕር ጠለል ሰው ብዙ ያልራቀ መሆኑን አግኝቷል። የአንዲስ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ግኝቱ ለሁሉም ደገኛ ይሠራል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው፤ የባሌ ደጋ ውጤት ከዚህ ይለያል። ከሰሜን ሸዋ ደጋ ሰዎች የተሰበሰበ መረጃ ሳይኖር ግን ደም ማነስንም ሆነ የሳንባ ምችን ለማሽን መተው አይቻልም። እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነው።

አማርኛ የሚመልሱ የኤአይ ረዳቶችንም ሰው በስልኩ እየጠየቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሞዴሎች መመሪያ አውጥቷል። አንድ አደጋ ብቻ ልጥቀስ። መድኃኒት ጠዋት በ8 ተብሎ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈን ነገር ማሽኑ «8 ሰዓት ላይ» ብሎ ቢያስተላልፍ ታካሚው ከቀትር በኋላ ይውጠዋል።

ሲስተም የለም

በየመስኮቱ የሚሰማው ሐረግ ይኼ ነው። መብራት ሲጠፋ ሲስተም የለም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሲስተም የለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ከዚያ በፊት በ2013 እና በ2014 አጣዬና ሸዋ ሮቢት ላይ በደረሰው ጥፋት የጤና ተቋማትም ተጎድተዋል። ማን ምን እንዳደረገ የሚነገረው እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ለዚህ ርዕስ የሚበቃው ትምህርት ቅጂ የሌለው መረጃ፣ ወረቀትም ይሁን ሰርቨር፣ አብሮ እንደሚቃጠል ነው።

ምስጢርም አለ። ትንሽ ከተማ ውስጥ የካርድ ክፍሏ ልጅ የጎረቤት ልጅ ናት። ኤችአይቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ለመውሰድ ሌላ ከተማ ድረስ የሚሄደው ለዚህ ነው። ኤሌክትሮኒክ ካርድ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘግባል፣ ወረቀት አይመዘግብም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። አዋጁ ካርድ ክፍል የሚደርሰው ግን ሁሉም ባለሙያ በራሱ የይለፍ ቃል ሲገባ ነው። አንድ የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ተጽፎ ስክሪን ላይ ከተለጠፈ ምዝገባው ከንቱ ነው።

የሪፈር ነገር

ለሰሜን ሸዋ ሰው ቴክኖሎጂው የሚመዘነው በሪፈር ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ። በየደረጃው ወረቀት ይጻፋል። ታካሚው ወረቀቱን፣ የላብራቶሪ ውጤቱንና ራጁን በፌስታል ይዞ ይሄዳል። የተለያዩ ሆስፒታሎች የተለያየ ሶፍትዌር ገዝተው እርስ በርስ ካልተነጋገሩ፣ ኮምፒውተር መግባቱ ፌስታሉን አያስቀርም። የምንጃር ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብረ ብርሃን አይሄድም፤ መንገዱ ወደ አዳማ ይወስደዋል። አዳማ ሌላ ክልል ናት፣ ሌላ ጤና ቢሮ። አረርቲ የተነሣው ራጅ እዚያ ስክሪን ላይ ስለማይታይ እንደገና ይነሣል። ሁለተኛውንም የሚከፍለው ታካሚው ነው።