የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ምንድን ነው?

አንድ ፍርድ ቤት የተከሳሽን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም፤ «ተከሳሹ ዕዳ እንደሌለበት በፍርድ ተረጋገጠ» ይላል። አልተረጋገጠም። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ወደ ክሱ ፍሬ ነገር ሳይገባ «ይህ ክስ እዚህ ሊሰማ አይገባም» የሚል ክርክር ነው። ዳኛው ዕዳ ይኑር አይኑር ገና አልጠየቁም፤ ጭብጥ (ፍርድ የሚሰጥበት የክርክር ነጥብ) አልተያዘም፣ ምስክር አልተሰማም። «ነጻ ወጣ» የሚሉም አሉ፤ እሱማ የወንጀል ችሎት አነጋገር ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 244 መቃወሚያዎቹን ዘርዝሯል፦ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፤ ጉዳዩ ቀድሞ ፍርድ አግኝቷል፤ በሌላ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ነው፤ ተከራካሪው ለመክሰስ ወይም ለመከሰስ ችሎታ የለውም፤ በሕግ የሚያስፈልገው ፈቃድ አልተገኘም፤ ይርጋ (ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ማለፍ) አግዶታል፤ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት የሚያልቅ ወይም በስምምነት ያለቀ ነው። አንዱም ቢሆን «ገንዘቡን አልተበደርኩም» አይልም። «አልተበደርኩም» ክህደት ነው፤ ቦታው የፍሬ ነገር መልስ ውስጥ ነው። ክህደትን መቃወሚያ የሚል ርዕስ ሰጥቶ ማቅረብ ጠባዩን አይለውጠውም። እንዲህ ያለ መልስ ባነበብኩ ቁጥር የማዝነው ለደንበኛው ነው፤ ዋናው መከራከሪያው ያለቦታው ገብቶበታል።

በአውቶቡስ በር ላይ የቆመውን ትኬት ተቆጣጣሪ አስቡ። የሌላ መስመር ትኬት የያዘውን ይመልሰዋል፤ ሥልጣን የለንም እንደ ማለት ነው። በዚያው ትኬት ትናንት የተጓዘውንም፣ ቀኑ ያለፈበትን የያዘውንም ይመልሳል፤ ቀድሞ የተፈረደ ጉዳይና ይርጋ እንደዚያ ናቸው። መንገደኛው የሚሄድበት ጉዳይ እውነት ይሁን ውሸት ግን ተቆጣጣሪው አይመረምርም። ተመላሾቹም ዕጣቸው አንድ አይደለም። መስመር የተሳሳተው ወደ ትክክለኛው አውቶቡስ መሄድ ይችላል፤ ቀኑ ያለፈበት ግን የሚሳፈርበት የለም። ቁጥር 245ም የሚለየው እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የተፈረደበት ወይም በይርጋ የታገደ ክስ ውድቅ ይደረጋል፣ በሌሎቹ ምክንያቶች ግን መዝገቡ ይዘጋል እንጂ ከሳሹ ጉድለቱን አስተካክሎ እንደገና እንዳይመጣ በዚያ ብቻ አይከለከልም። የይርጋው ጊዜ እያለቀበት ከሆነ ግን ሳይዘገይ ቢነሣ ይሻለዋል።

ምሳሌው በአንድ ቦታ አይሠራም። ተቆጣጣሪው ቀኑን ማንም ሳይጠይቀው ያያል። ዳኛው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 መሠረት ይርጋን በራሳቸው አነሳሽነት አያነሡም፤ ተከሳሹ ዝም ካለ አሥራ አምስት ዓመት የቆየ የውል ዕዳም ይሰማል፣ ምንም እንኳ የውል ይርጋ በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት ቢሆን። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ጉዳዩን በዓይነቱ ወይም በገንዘቡ መጠን የማየት ሥልጣን፣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማንም ባያነሣውም ፍርድ ቤቱ ራሱ ሊያየው ይገባል። የቦታ ሥልጣን ተቃውሞ ግን በጊዜው ካልቀረበ እንደተተወ ይቆጠራል።

«መቃወሚያ በወረቀት ብቻ የሚወሰን ነገር ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሌላውን ወገን መስማትን፣ አስፈላጊ ሲሆንም ማስረጃ ማስቀረብን ያዝዛል። ይርጋው መቼ መቆጠር እንደጀመረ ወይም ባለዕዳው ዕዳውን በመሃል አምኖ እንደሆነ ያለ ማስረጃ የሚታወቅበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ በመቃወሚያው ተማምኖ ፍሬ ነገሩን ሳይመልስ የሚቀር ተከሳሽ ነው። መቃወሚያው ውድቅ ሲሆን ክርክሩ ይቀጥላል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 83 መሠረት ደግሞ በግልጽ ወይም በማያሻማ አኳኋን ያልተካደ ፍሬ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። ስለዚህ በዚያው የመከላከያ መልስ ላይ መቃወሚያው ይቀድማል፣ «መቃወሚያው የሚታለፍ ቢሆን» ተብሎም የፍሬ ነገሩ መልስ ነጥብ በነጥብ ይከተላል።